ከጋፋት እስከ ጋሸና፦ ስለ አንድ ቀጥ ያለ አክስል

ባለፈው ዓመት ከትንሣኤ በኋላ ነው። ለሥራ ወልድያ ከርሜ ወደ ላሊበላ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጋሸና ላይ ቆመ። ጋሸናን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። ከወልድያ ተነሥቶ የዋድላን ደጋ አቋርጦ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ ከሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ላሊበላ የሚወስደው 64 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው። ነፋሷ በበጋም ጋቢ ያስደርባል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስሟ ከዜና አይጠፋም ነበር። በሰላሙ ቀን ግን ተሳፋሪ ሻይ የሚጠጣባት፣ ሹፌር ሰው እስኪሞላለት የሚጠብቅባት መገናኛ ናት።

የእኛም ሹፌር ሰው እስኪሞላለት ወርጄ ስንጎራደድ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ አሮጌ ፊያት ኤንትሬ ቆሞ አየሁ። አፍንጫው በክሪክና በድንጋይ ክምር ተደግፏል። የፊት ጎማዎቹ ወልቀው ሣር ላይ ተጋድመዋል። አንድ አዛውንት መካኒክና ሁለት ወጣቶች አንድ ረዥም ብረት ለሦስት ተሸክመው ከመኪናው ሥር ሊያስገቡ ይታገላሉ። ብረቱ ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው ጎማ የሚዘረጋው፣ አንድ ወጥ የሆነው፣ ቀጥ ያለው የፊት አክስል ነው።

«አንተ የባንክ ቤቱ ልጅ፣ ዝም ብለህ ከምታይ ያቺን ታኮ አቀብለኝ» አሉኝ አዛውንቱ፣ አንገቴ ላይ የረሳሁትን መታወቂያ አይተው።

ታኮዋን አቀበልኳቸው። የእንጨት ሽብልቅ ናት፤ በጥቁር ዘይት ተነክራ የድንጋይ ያህል ጠንክራለች። በእጄ ስይዛት አባቴን አስታወስኩ። አባቴ በወጣትነቱ በደሴና በወልድያ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ነበር። የረዳት ሥራ በዚያ ዘመን ምን እንደነበር የዛሬ ልጅ አያውቀውም። መኪናው ዳገት ላይ ሲያቃስት ረዳቱ ከነታኮው ይወርዳል፤ ከኋላ ጎማው ጎን ጎን በእግሩ እየሄደ፣ ሞተሩ እምቢ ባለ ቅጽበት ታኮውን ከጎማው ሥር ይወረውራል። ከዘገየ መኪናውም ሰዉም ገደል ነው። አባቴ ሁለት ጣቶቹን ለባሌስትራ ገብሮ፣ በኋላ ሹፌር ሆኖ፣ እኔን አስተምሮ አለፈ። «ሞተር መኪናን ያስኬደዋል እንጂ አይሸከመውም፤ የሚሸከመው አክስሉ ነው» ይል ነበር።

በዚያው ሳምንት ደግሞ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር ከተማ፣ አንድ ፎቶግራፍ ልኮልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የተሠራች ቼቭሮሌት ገዝቷል። የፊት እግሮቿን ነቃቅሎ ጥሎ እንደ ጭነት መኪና ያለ ቀጥ ያለ አክስል ሊገጥምላት ነው። «አብደሃል ወይ?» ብዬ ጻፍኩለት። «አልገባህም» አለኝ። በዋድላ ነፋስ ውስጥ ቆሜ ሦስቱን ሰዎች ሳይ ገባኝ። ሁለቱም፣ የዴንቨሩም የጋሸናውም፣ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። አንዱ ለፍቅር፣ አንዱ ለእንጀራ። ከሁለቱ በፊት ግን በዚሁ ደጋ ላይ በአክስል ምክንያት ግማሽ ዓመት ሙሉ ድንጋይ የፈለጠ አንድ ንጉሥ ነበር። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ስለ እርሱ ነው።

*

በመጀመሪያ ነገሩን እናፍታታው። የዛሬ የቤት መኪኖች የፊት ጎማቸው እያንዳንዱ በየራሱ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ለብቻው ይወጣል፣ ለብቻው ይወርዳል። ቀኙ ጉድጓድ ቢገባ ግራው አይሰማውም። ቀጥ ያለው አክስል ግን ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ብረት ያጣምዳቸዋል። አንዱ ሲሰናከል ሌላው ያዘነብላል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይጫነዋል። ምቾት የለውም። ነገር ግን ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲሰበር መንገድ ዳር ይጠገናል። ጠቅላላ ነገሩ አንድ ብረት፣ በሁለት ጫፉ ጎማው የሚዞርባቸው ሁለት ፔርኖዎች፣ ከላዩ ሁለት ባሌስትራዎች ነው።

የአክስቴ ልጅ የሚያልማት ዓይነት መኪና በአሜሪካ ጋሰር ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወጣቶች አሮጌ መኪና እየገዙ፣ ከጭነት መኪና የወጣ ቀጥ ያለ አክስል ከፊቷ እየገጠሙ፣ 402 ሜትር በምትሆን ቀጥ ያለች መንገድ ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሽቀዳደሙ ነበር። የመኪናዋ አፍንጫ ከፍ ሲል ክብደቷ ወደ ኋላ ጎማዎች ይጋደምና መሬቱን ቆንጥጣ ትነሣለች ብለው ያምኑ ነበር። እሽቅድምድሙን የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ዛሬ ያንን ዘመን የሚናፍቁ ሰዎች መኪናዋን እንደገና ይሠሯታል። ውድድሩ ራሱ የሰከንዶች ነገር ነው፤ ተጀመረ ሲባል ያልቃል።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ቋንቋችን ጎማን ከምድራችን ቀድሞ ያውቀዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ሠረገላ አለ፣ በሕዝቅኤል ራእይ መንኮራኩር አለ። የደጋው ሰው ሠረገላን በቅኔና በዜማ ሲያወሳ፣ በዓይኑ ግን የሚያየው በቅሎና አህያ ነበር። ዛሬ ደግሞ መንኮራኩር ስንል ወደ ጠፈር የሚወነጨፈው ማለታችን ነው። ቃሉ ከራእይ ተነሥቶ ምድርን ሳይነካ ሰማይ ገባ ማለት ይቻላል። ምክንያቱ የአባቶቻችን አለማወቅ አይመስለኝም። ገደል ባለበት አገር መንገድ የሌለው ጎማ ከሸክም በላይ ሸክም ነው። በቅሎ መንገድ አትጠይቅም።

የላስታ ሰዎች ጥበብ ይህን ችግር በሌላ በኩል ፈታው። አንባቢዬ ሁለት ድንጋዮችን እንዲያነጻጽርልኝ እፈልጋለሁ። በአክሱም የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ካለው የድንጋይ ማውጫ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ተጎትቶ መጣ። ሊቃውንት እንደሚሉት ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። በላሊበላ ያለው ቤተ መድኃኔ ዓለምም ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል ነው። እርሱ ግን ከቦታው አንዲት ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። ጠራቢዎቹ ድንጋዩን ወደ ሕንጻው አላመጡትም፤ ሕንጻውን ከድንጋዩ ውስጥ አወጡት እንጂ። አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት እንዲሁ ናቸው። በየቀኑ ከቢሮ ስወጣ አሻግሬ የማየው ይህንን የመጎተት ሥራ የሌለበትን ጥበብ ነው።

ከላሊበላ በስተ ደቡብ፣ ከጋሸና ባሻገር፣ የዚህ ተቃራኒ ተሠርቷል።

*

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ የተረዱት አንድ ነገር ነበር፤ ከባሕር ማዶ ያለው ኃይል በብረት ይሠራል። ከስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስኮና የወንጌል ተልእኮ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች፣ ከነዚህም አንዱ የነበረውን ቴዎፊለስ ዋልድማየርን፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አስቀመጧቸው። ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ሰዎች መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር፤ የመጀመሪያ ሙከራቸውም ከሸፈ። ከብዙ ድካም በኋላ ግን ትልቁ ሞርታር ወጣ። በክሪምያ ጦርነት ዝናው በናኘው ምሽግ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል እንደሆነ ይነገራል።

በእኛ የታሪክ ትውስታ ሴባስቶፖል መድፍ ነው። እኔ ግን የመካኒክ ልጅ ነኝና ከመድፉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሠረገላው ነው። በበቅሎ የማይጫን፣ በሰው የማይሸከሙት ነገር ተሠርቷል። ስለዚህ ጎማ ያስፈልገዋል። ጎማ ካለ አክስል አለ። አክስል ካለ መንገድ የግድ ነው። ንጉሡ ብረቱን ባሠሩ ጊዜ ሳያውቁት፣ ወይም አውቀውት፣ መንገዱንም አዘዙ።

ጊዜው ደግሞ ክፉ ጊዜ ነበር። ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ፣ ተቆጥተው ቆንሲሉንና ሌሎች አውሮጳውያንን አስረዋል። እስረኞቹን ለማስፈታት እንግሊዝ ጦር አዘጋጅታለች። በአገር ውስጥ ደግሞ በላስታና በዋግ ዋግሹም ጎበዜ ሸፍቷል፤ አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ንጉሡ ሰቅለውበታል። በትግራይ ካሣ ምርጫ ተነሥቷል፣ በሸዋ ምኒልክ። ከሠራዊታቸው በየሌሊቱ የሚከዳው በዝቷል። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን በሠረገላ አስጭነው፣ ወደ መቅደላ ተነሡ።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ጋይንትን አልፎ፣ በጨጨሆ በር ወጥቶ፣ የዋድላን ደጋ ተሻግሮ ቤተ ሆር ይደረሳል። ከዚያ ምድሩ ይከዳል። የጅዳ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። የደላንታ ሜዳ ይታለፍና ደግሞ የበሸሎ ገደል ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ መቅደላ ነው። በቅሎ በጥቂት ቀናት የምትጨርሰውን ይህን መንገድ ሴባስቶፖል ከጥቅምት እስከ መጋቢት ተጓዘ።

አክስልን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይገነዘባል። ሁለት ጎማ በአንድ ብረት ሲጣመዱ አንዱ ዝቅ ሊል አይፈቀድለትም፤ ዝቅ ካለ 7 ቶን ወደ ገደል ያዘነብላል። ስለዚህ መንገዱ ጎኑ እኩል መሆን አለበት። ሰፊም መሆን አለበት፤ ስፋቱን የሚወስነው የአክስሉ ርዝመት ነው። የሚሠራው ደግሞ ገደል ፊት ላይ ነው። ዓለቱ ይፈለጣል፣ ጎድጓዳው ይሞላል፣ ዛፉ ይቆረጣል፣ ሠረገላው ጥቂት ክንድ ይራመዳል፤ ነገም እንዲሁ። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። ፍሬን የለውም፤ ፍሬኑ የሰው ጡንቻና የቆዳ መጫኛ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ከኋላ ሆነው ይይዙታል። ስሙ ያልተጻፈ አንድ ሰው ደግሞ ከጎማው ጎን እየሄደ ድንጋይ ይወሽቅለት እንደነበር አልጠራጠርም። የአባቴ ታኮ ከዚያ የመጣች ትመስለኛለች።

ንጉሡ ከሥራው አልራቁም። በዓይናቸው ያዩ አውሮጳውያን እንደመሰከሩት፣ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ዋሉ። ይህን ሳነብ ልቤ ይነካል። ይሁን እንጂ እውነቱ ግማሹ ብቻ እንዳይነገር የሌላውንም ወገን እጽፋለሁ። ይህ ሠራዊት በሚያልፍበት አገር ገበሬው ጎተራውን ተዘርፎ ይሸሽ ነበር። መጫኛውን የያዙት እጆች ሁሉ በፍቅር የያዙት አልነበሩም። ቴዎድሮስ ጎማውን ከጎማው ጋር አጣምደዋል፤ እርሳቸውን ከሕዝባቸው ጋር የሚያጣምደው ብረት ግን በዚያን ጊዜ ተሰብሮ ነበር።

*

በሌላ በኩል ሌላ ጉዞ ተጀምሯል። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር እ.ኤ.አ. በጥር 1868 መጀመሪያ ዙላ ላይ ወረደ። ከባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ 640 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ጉዞዎች ወደ አንድ ተራራ፤ አንዱ ከምዕራብ፣ አንዱ ከሰሜን። የአክስቴ ልጅ የሚወደው ዓይነት እሽቅድምድም ነው፤ ልዩነቱ 402 ሜትር አለመሆኑና በሰከንዶች አለማለቁ ነው።

ናፒየር ከባድ መድፎቹን በጎማ ወደ ዋድላ አላመጣም። የዓለምን ታላቅ ፋብሪካ ይዞ የመጣው ጦር የእኛን አገር ሲያይ ወደ እንስሳ ተመለሰ። ቀላሎቹ የተራራ መድፎች በበቅሎ ተጫኑ፤ ከባዶቹን አርምስትሮንግ መድፎችና ሞርታሮች ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ተሸከሙ። በላት፣ በሙጃና በተከዜ ምንጮች በኩል፣ የላስታን ደጋ ዳር ይዘው ወደ ዋድላ ወጡ። የላስታ ገበሬ ዝሆን ተገርቶ መድፍ ተሸክሞ በደጃፉ ሲያልፍ አየ። ካሣ ምርጫ በትግራይ እህል እንዲያገኙ ረድቷቸዋል፤ በዋግሹም ጎበዜ ግዛትም የከለከላቸው አልነበረም። ጎበዜ ለአባቱ ደም ሲል መንገዱን ለቀቀ።

የእሽቅድምድሙ አስገራሚ ክፍል ቤተ ሆር ላይ ነው። እንግሊዞች እዚያ ሲደርሱ ንጉሡ የሠሩትን መንገድ አገኙት። ከጦሩ ጋር የነበረው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርካም መንገዱን አድንቆ ጽፎለታል። ጠላት ያደነቀው ሥራ ሁልጊዜ ደስ አይልም፤ ምክንያቱም በዚያው መንገድ ወደ ጅዳ ወረዱበት። ቴዎድሮስ ለአክስላቸው የፈለጡት ዓለት ለናፒየር ዝሆኖች ደረጃ ሆነ።

በውድድሩ ቴዎድሮስ ቀድመዋል። በመጋቢት መጨረሻ ሴባስቶፖል በመቅደላ ሥር ነበር፤ በቆዳ መጫኛ እየተጎተተ ወደ እስላምጌ ሜዳ ሲወጣ እስረኛው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ቆሞ እንዲያይ ተጠርቷል። ንጉሡ ያን ቀን የተሰማቸውን ደስታ መገመት አያዳግትም። ያ ቀን ባይኖር ኖሮ ታሪኩ ሁሉ ኀዘን ብቻ በሆነ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ንግሥቲቱ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ሠዉ። ደራሲዎቻችን ያችን ሽጉጥ ደጋግመው ጽፈዋታል። ከአምባው የተዘረፈው ቅርስ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ እንደተሸጠም ተጽፏል። የጫኑት እንስሳት ሲመለሱ የረገጡት ያንኑ የንጉሡን መንገድ ነው። ሴባስቶፖል ግን ከባድ ነውና የሚወስደው አልተገኘም። እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ እርሱን የሚያይ መንገደኛ መድፉን ያያል፣ መንገዱን ግን አያየውም።

*

ጎማ ወደዚህ አገር ሁለተኛ የመጣው በሞተር ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ። የዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች የፊት አክስላቸው ቀጥ ያለ ነበር፤ ከሠረገላ ገና አልተለዩም። ቀጥሎ ጣልያን በወረራው ዘመን መንገድ ጠርጎ፣ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጭነት መኪና በደሴና በወልድያ አስገባ። ወራሪው ሲባረር መንገዱና የመኪናው ቋንቋ ቀሩ፤ ባሌስትራ፣ ፔርኖ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ እያልን የምንጠራው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ኤንትሬ የሚወለድበት የፊያት 682 ዘር እ.ኤ.አ. በ1952 ተወልዶ፣ አባቴን ያህል ብዙ ረዳቶችን አሳድጓል።

ጋሸና የቆምኩበት መንገድ ደግሞ የቻይና መንገድ ይባላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ጎብኝተው ሲመለሱ በተገኘ ስምምነት፣ በደርግ ዘመን በቻይና ባለሙያዎችና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተሠራ። ከወረታና ከደብረ ታቦር መጥቶ በጋይንትና በጨጨሆ ወደ ዋድላ ሲወጣ፣ ሴባስቶፖል የሄደበትን አቅጣጫ በብዛት ይከተላል። መሐንዲስ ሁሉ በመጨረሻ ተራራው ወደሚፈቅደው በር ይመጣል። ንጉሡ ያለ ካርታ፣ ያለ ዲናሚት መኪና ያገኙትን በር ከመቶ ዓመት በኋላ መሐንዲሶችም አገኙት።

አዛውንቱን ስጠብቅ ሥራቸውን አየሁ። አክስሉ ገብቶ ባሌስትራው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቡሎኖቹን ወዲያው አላጠበቁም። ከኪሳቸው ሲባጎ አውጥተው በቀኝ በኩል ከኋላ አክስል መሃል እስከ ፊት አክስል መሃል ለኩ፤ ሲባጎውን ቋጥረው በግራም ለኩ። ግራው ከጣት ያነሰ ተረፈ። አክስሉን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው እንደገና ለኩ። ቀጥሎ በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ቀጭን የብረት ሽብልቅ አስገቡ።

«ይህ ምን ያደርጋል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ፔርኖው ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ ያዘነብላል። ያን ጊዜ መሪውን ብትለቀውም ጎማው ራሱ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ሽብልቁን በግልባጭ ካስገባህ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ከእጅህ ያመልጣል፤ ዳገት ላይ ግን አይታወቅህም። የሚታወቅህ ቁልቁለት ላይ ነው።»

ይህን ከሰው ሁሉ በላይ ለነገሥታት መናገር የሚገባ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ግን ዝም አልኩ።

«ይህ መኪና ስንት ያወጣል?» ብዬ ጠየቅኳቸው፣ ሙያዬ ነውና።

ሳቁ። «በእናንተ መዝገብ?» አሉ።

በእኛ መዝገብ እንዲህ ያረጀ መኪና ዋጋው ካለቀ ብዙ ዘመኑ ነው፤ በየዓመቱ እየተቀነሰ ዜሮ ገብቷል። ነገር ግን ነገ 50 ኩንታል ስንዴ ጭኖ ወደ ላሊበላ ይወርዳል። በመዝገቤ ዜሮ የሆነው ነገር ለአንድ ከተማ እንጀራ ነው። የቴዎድሮስንም ጉዞ አንዳንዶች እንዲህ ዓይነት መዝገብ ላይ ይመዘግቡታል። ስድስት ወር ተለፋ፣ መድፉ አልጠቀመም፣ ንጉሡ ሞቱ፤ ሂሳቡ ዜሮ ነው ይላሉ። በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ ብረቱን ብቻ አይተው ያመሰግናሉ። እኔ ሁለቱም ከሂሳቡ አንድ መስመር የዘለሉ ይመስለኛል። የንጉሡ ታላቅ ሥራ መድፉ አልነበረም፤ ለመድፉ ሲባል የተሠራው መንገድ ነበር። በደላቸውም እዚያው መስመር ላይ ነው፤ መንገዱን የሠራውን ሰው ከብረቱ አሳንሰው ቆጠሩት። ጎማ አክስል ይፈልጋል፣ አክስል መንገድ ይፈልጋል፣ መንገድ ደግሞ የእኔ ነው የሚለው ሰው ይፈልጋል። ሰው ያልወደደው መንገድ ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው፤ ለዝሆንም ጭምር።

ላሊበላ ስገባ መሽቶ ነበር። ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት፦ «ሁለቱን ጎን በሲባጎ ለካ። እኩል ሳይሆን ቡሎን አታጥብቅ። ሽብልቁንም አትገልብጠው። ይህን ያሉህ የጋሸና መካኒክ ናቸው።» እርሱም በማግሥቱ መለሰልኝ፤ ግራው ከቀኙ በጣት ይበልጥ ነበር አለ።

እኔም በዚያች ሌሊት ይህቺን ጻፍኩ።

አንዱ ዓለት ገብቶ፣ መቅደስ አገኘበት፣
አንዱ ዓለት ፈልጦ፣ ብረት ጎተተበት፤
ጎታቹም አለፈ፣ ብረቱም ዝም አለ፣
መንገዱ ግን ቆይቶ፣ ሰው አቀባበለ።